የእንስሳው ጥገኛ ሰውን ይይዛል ወይ? ለጎንደርና ለአካባቢዋ የዘረመል ምርመራ አመራረጥ

ከውሻ ሰገራ የወጣ አንድ እንቁላል ማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጧል እንበል። ክብ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ውስጡ ስድስት ጥቃቅን መንጠቆዎች ይታያሉ። ይህ እንቁላል በግ ላይ አዙሪት የሚያመጣው ቲኒያ የሚባል ትል ሊሆን ይችላል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያሳድገው ኢኪኖኮከስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ዕድሜውን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ያሳለፈ ባለሙያም አይለያቸውም፤ እንቁላሎቹ መልካቸው አንድ ነው።

ጎንደር ላይ ይህ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። ውሻው ቀን ቄራ አካባቢ ይውልና ማታ ግቢ ይገባል። በዓል ሲመጣ በየቤቱ በግ ይታረዳል፤ የተበላሸው ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በደንቢያና በወገራ ገጠር ጥጃና ጠቦት ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ልጁ ላይ የተገኘው ጃርዲያ፣ ተቅማጥ የሚያመጣው የአንጀት ጥገኛ፣ ከጥጃው የመጣ ነው ወይስ ከጉድጓዱ ውሃ? ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስነው የዚህ መልስ ነው።

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የዘረመል ምርመራ ነው። ግን ምርመራው አንድ ብቻ አይደለም። ዋጋው፣ የሚፈልገው ማሽን፣ የሚሰጠው መልስ ከዘዴ ዘዴ ይለያያል። ይህን መመሪያ የምጽፈው የመመረቂያ ጥናት ለሚያስቡ የእንስሳት ሕክምናና የላቦራቶሪ ተማሪዎች፣ በወረዳ ለሚሠሩ የጤናና የእንስሳት ባለሙያዎች፣ ለቄራ ሥጋ መርማሪዎችም ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። መጀመሪያ ጥያቄውን ምረጡ። ቀጥሎ የሚነበበውን ጂን ምረጡ። ማሽኑ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ናሙና የሚባክነው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

መልሱ ምን ይቀይራል?

አንድ ልጅ ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ ቢመጣና ጃርዲያ ቢገኝበት መድኃኒቱ ያው ነው። ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይታዘዝለታል። የጃርዲያው ዓይነት ኤ ይሁን ቢ የሐኪሙን ውሳኔ አይለውጠውም። ስለዚህ ለአንድ በሽተኛ ሕክምና ብላችሁ የዘረመል ዓይነት ለማወቅ ገንዘብ አታውጡ። ልጁ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ውሃው ይፈላ።

እርጉዝ ሴትና ቶክሶፕላዝማ ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው። የጥገኛው የዘር ሐረግ ለተመራማሪ እንጂ ለእሷ አይጠቅማትም።

ጥያቄው "ከየት መጣ?" ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የአንድ ቀበሌ ልጆች በተደጋጋሚ የሚያዙት ለምንድን ነው? የቄራው በግና የከተማው ውሻ አንድ ዓይነት ትል ይጋራሉ ወይ? ከብቱ ላይ የተገኘው ጥገኛ ሰውን የሚይዝ ነው ወይስ በከብቱ ላይ ብቻ የሚቀር? እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ያለ ዘረመል አይመለስም።

ማይክሮስኮፕ የሚበቃበት

ማይክሮስኮፕን ማንም አይናቀው። ርካሽ ነው፤ በየጤና ጣቢያው አለ፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በመስተዋት የሚሠራ አይጠፋም። የቢልሃርዝያ እንቁላል የጎን እሾሁን አሳይቶ ራሱን ይናገራል። ኮሶ ቁርጥራጩ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት፣ የአሳማ ሥጋ በማይበላበት ጎንደር ሰው ላይ የሚገኘው ኮሶ የከብቱ ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል። ለዚህ ፒሲአር (ዲኤንኤ የሚያባዛውን ምርመራ፣ ከታች አለ) ማሠራት በእኔ እይታ ትርፍ ወጪ ነው።

ማይክሮስኮፕ የሚያቅተው መልካቸው አንድ የሆኑትን መለየት ነው። ጃርዲያ ሁሉ አንድ ይመስላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የምትባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን የምትሆን ክብ ነገር ናት። በተሻሻለው የዚል ኒልሰን ማቅለሚያ ቀይ ሆና ትታያለች፤ የሰው ትሁን የጥጃ ግን አትናገርም። የቲኒያና የኢኪኖኮከስ እንቁላል ደግሞ መግቢያው ላይ እንዳልኩት ነው። የካርድ ምርመራ የሚባሉት ፈጣን ኪቶችም እዚህ ላይ ከማይክሮስኮፕ አይሻሉም። ጥገኛው አለ ወይስ የለም ይላሉ፤ ዓይነቱን አይለዩም።

ፒሲአርና ዘመዶቹ

ፒሲአር ከጥገኛው ዲኤንኤ አንድ የተመረጠ ቁራጭ ይዞ ደጋግሞ ያባዛል። ካሪ መሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሰበው ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ተራው ፒሲአር ቁራጩን ካባዛ በኋላ በጄል ላይ መስመር ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። ማሽኑ ከሌሎቹ ርካሽ ነው። ጥሩነቱ የተባዛው ቁራጭ እጃችሁ ላይ መቅረቱ ነው፤ ወደ ንባብ፣ ማለትም የዲኤንኤው ፊደሎች ወደሚነበቡበት፣ ልትልኩት ትችላላችሁ።

ኔስትድ የሚባለው ደግሞ ማባዛቱን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ዙር ምርት ለሁለተኛው ዙር ይሰጣል። ሰገራ ላይ ጥገኛው ጥቂት ሲሆን በጣም ይረዳል። ለክሪፕቶስፖሪዲየምና ለጃርዲያ ተመራማሪዎች የሚያዘወትሩት ይህንኑ ነው። ግን አደጋ አለው። በመሃል ቱቦው ይከፈታል፤ የተባዛው ዲኤንኤ በአየር ይበተናል፤ የሚቀጥለው ናሙና በሐሰት "አለ" ይባላል። ዲኤንኤ የሚጨመርበትና የተባዛው የሚከፈትበት ክፍል ካልተለያየ ኔስትድን አትጀምሩት። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ላቦራቶሪ በተራው ፒሲአር ቢቆይ ይሻለዋል።

ሪል ታይም ፒሲአር ውጤቱን ቱቦው ሳይከፈት ያሳያል። ፈጣን ነው፤ መጠኑንም ይገምታል፤ የብክለት ስጋቱም ያንሳል። ከኮሮና ወዲህ ማሽኑ ወደ ክልሎችም ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ድክመቱ የሚያየው የተነገረውን ብቻ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ለጃርዲያ ዓይነት ኤ እና ቢ የተዘጋጀ ምርመራ ዓይነት ኢን አያይም። ባልጠበቃችሁት ቦታ ያልጠበቃችሁት ነገር ቢኖር ያልፋችኋል። ስለዚህ በአካባቢው ምን እንዳለ ቀድሞ በታወቀበት፣ ብዙ ናሙና በፍጥነት ማየት ሲያስፈልግ ምረጡት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። በሆስፒታሎች ያለው የቲቢ ማሽን፣ ጂን ኤክስፐርት፣ ለዚህ አይሆንም ወይ? ማሽኑ የሚሠራው በተዘጋጀለት ካርትሪጅ ነው። ለቲቢ የተሠራ ካርትሪጅ ስለ ጥጃ ጃርዲያ ምንም አይነግራችሁም።

ላምፕ የሚባለው ሌላው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ በ60 እና በ65 ዲግሪ መካከል በአንድ ሙቀት ብቻ ይሠራል። ውድ ማሽን አይፈልግም፤ ውሃ የሚያሞቅ ዕቃ ይበቃዋል። በአንድ ሰዓት ገደማ የቀለም ለውጥ ያሳያል። ለወረዳ ክሊኒክ የሚመች ይመስላል፤ በእርግጥም "አለ ወይስ የለም" ለማለት ጎበዝ ነው። ሆኖም በብክለት በቀላሉ ይሳሳታል፤ ምርቱንም ወስዶ ማስነበብ አስቸጋሪ ነው። ለቁጥጥር ሥራ እንጂ ምንጭ ለመፈለግ አልመርጠውም።

ንባብ ወይም ሲክዌንሲንግ የሚባለው ላይ ስንደርስ እውነተኛው መልስ ይመጣል። የሳንገር ዘዴ የ1977 እ.ኤ.አ. ነው። አርጅቷል፤ ግን ከሰባት መቶ በላይ ፊደሎችን በአንድ ጊዜ በጥራት ያነባል። የተባዛውን ቁራጭ አጽድታችሁ ትልካላችሁ፤ ፊደሎቹ ተነበው ይመጣሉ፤ ከዓለም አቀፉ የዲኤንኤ ንባቦች መዝገብ ከጂንባንክ ጋር ታነጻጽራላችሁ። ለአንድ ማስተርስ ተማሪ፣ ለአንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከሁሉም የምመክረው ይህን ነው፦ ፒሲአርና ሳንገር። ማሽኑ እናንተ ጋ ባይኖርም የተባዛው ዲኤንኤ በጥቅል ተልኮ ይነበባል።

የሳንገር ድክመት አንድ ናሙና ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥገኛ ሲኖር ይታያል። ብዛት ያለው ድምፁ ይሰማል፤ ጥቂቱ ይዋጣል። ወይም ሁለቱ ተደራርበው ንባቡ ይረበሻል። ጥጃና ልጅ በአንድ ግቢ በሚውሉበት ቦታ የተቀላቀለ ተሐዋሲ ብርቅ አይደለም። በዚህ ጊዜ አዲሱ ትውልድ የሚባለው ንባብ ይበልጣል። ሚሊዮን ቁራጮችን ለየብቻ ያነባል፤ የተቀላቀለውን ይለያል። ሚናይን የሚባለው መሣሪያ እጅ ላይ ይያዛል፤ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። ግን የሚነበብበት ሰሌዳ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የአገልግሎት ጊዜውም አጭር ነው። ጉምሩክ ላይ ሳምንታት ቢቆይ ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ መረጃውን የሚተነትን ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌላችሁ ማሽኑን አትግዙ።

የቱ ጂን ይነበብ?

የብዙ ጥናት ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ከኢኪኖኮከስ እንጀምር። ቄራ ላይ ሥጋ መርማሪው ጉበትና ሳንባ ላይ ከረጢቱን ያያል፤ ይጥለዋል። በዓይን ሲታይ ከረጢት ከረጢት ነው። በዘረመል ግን ጥገኛው ብዙ ቤተሰብ አለው። ጂ1 የሚባለው በበግ ላይ የሚገኘው ዋነኛው ነው፤ በዓለም ላይ በሰው ከተለዩት አብዛኞቹም የእሱ ናቸው። ጂ5 ከብትን የሚመርጥ ነው። ጂ6 ከግመል ጋር ይያያዛል፤ በቆላው አቅጣጫ ለሚሠራ ሰው ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ከአንድ በላይ ዓይነት እንዳለ ተለይቷል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጂ1 በከብት ላይ ሲያድግ ከረጢቱ ብዙ ጊዜ መካን ነው፤ ውስጡ ለውሻ የሚተላለፍ የትል ራስ የለውም። በበግ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ፍሬያማ ነው። ጂ5 ደግሞ በከብት ላይም ፍሬያማ ይሆናል። እንግዲህ በአካባቢው ያለው ጂ1 ብቻ ከሆነ ዋናው ትኩረት የበግ እርድ ላይ ይሆናል፤ በተለይ በየቤቱ በበዓል የሚታረደው ላይ። ጂ5 ካለ የከብቱ ጉበትና ሳንባም እኩል ያስፈራል። ውሻውን በፕራዚኳንቴል ማከም፣ የቄራውን ጉድጓድ መክደን፣ ቤት ለቤት ማስተማር፤ ከእነዚህ ከየቱ እንጀምር የሚለውን የሚያሳየው ይህ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ከረጢት ያለበት ሥጋ ለውሻ አይሰጥ። ያ ምርመራ አይፈልግም።

የሚነበበው ጂን ኮክስ1 የሚባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ነው። አጭሩ ቁራጭ ቤተሰቦቹን ይለያል። ጂ1ን ከጂ3 ለመለየት ግን አጭሩ አይበቃም፤ ናድ5 የሚባለውን ማንበብ ይሻላል። ሁለቱ አንድ ዝርያ ውስጥ ስለሆኑ ለቁጥጥር ሥራ ልዩነታቸው ብዙም አያስጨንቅም። ዋናው ጂ1ን ከጂ5 እና ከጂ6 መለየት ነው።

ጃርዲያ ላይ ዓይነቶቹ ከኤ እስከ ኤች ድረስ ናቸው። ኤ እና ቢ ሰውንም እንስሳንም ይይዛሉ። ሲ እና ዲ የውሻ ናቸው። ኢ የከብት፣ የበግና የፍየል ነው፤ ሰው ላይ የተገኘበት አጋጣሚ ቢኖርም ዋና ቤቱ እንስሳው ነው። ኤፍ የድመት ነው። ስለዚህ ልጁ ላይ ቢ፣ ጥጃው ላይ ኢ ከተገኘ ጥጃው ነጻ ነው። ምንጩን ውሃው ላይና ሌሎች ሰዎች ላይ ፈልጉ። ሁለቱም ኤ ከሆኑስ? ገና አልጨረሳችሁም። ኤ ውስጥ ኤ1 እና ኤ2 አሉ፤ ኤ1 በአብዛኛው በእንስሳት፣ ኤ2 በአብዛኛው በሰው ላይ ይገኛል። "ሁለቱም ላይ ኤ አገኘን፤ ስለዚህ ተላልፏል" ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ጃርዲያ ላይ በአንድ ጂን አትመኑ። ቲፒአይ፣ ቤታ ጃርዲንና ጂዲኤች የሚባሉ ሦስት ጂኖች አሉ። ከአንድ ናሙና አንዱ ኤ፣ ሌላው ቢ ሊል ይችላል። ያ ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ተሐዋሲ ምልክት ነው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ መቶ ናሙና በአንድ ጂን ከማንበብ ሃምሳ ናሙና በሁለት ጂን ማንበብን እመርጣለሁ።

ክሪፕቶስፖሪዲየም ላይ ሁለት ደረጃ አለ። መጀመሪያ 18ኤስ የሚባለው ጂን ዝርያውን ይለያል። ሆሚኒስ የሰው ነው። ፓርቩም ሰውንም ጥጃንም ይይዛል፤ በተለይ ጡት ገና ያልጣሉ ጥጆች ላይ ይበዛል። ከፍ ባሉ ጥጆችና በአዋቂ ከብቶች ላይ ቦቪስ፣ ራያኒና አንደርሶኒ ይገኛሉ፤ እነዚህ ለሰው ብዙም አያሰጉም። ፓርቩም ከተገኘ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ትሄዳላችሁ፤ ጂፒ60 የሚባለውን ታነባላችሁ። 18ኤስ የአንድን ሰው አገር እንደ መጠየቅ ሲሆን ጂፒ60 የቤተሰቡን ስም እንደ መጠየቅ ነው። ፓርቩም ውስጥ 2ሲ የሚባለው ቤተሰብ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ነው፤ 2ኤ ከጥጃ፣ 2ዲ ደግሞ በብዙ ቦታ ከበግና ከፍየል ጋር ይያያዛል። ልጁ ላይ 2ሲ አግኝታችሁ ጥጃውን ብትከሱ ቤተሰቡን በከንቱ ታስጨንቃላችሁ።

ጂፒ60 በአንድ ቅጂ ብቻ ያለ ጂን ነው። 18ኤስ ግን ብዙ ቅጂ አለው። ስለዚህ 18ኤስ የሠራበት ናሙና ሁሉ ጂፒ60 ላይ አይሠራም። ዕቅድ ስታወጡ ይህን ኪሳራ አስቡበት።

የጉበት ትል ላይ ደግሞ ጎንደር የተለየ ቦታ ናት። ደጋው ላይ ፋሲዮላ ሄፓቲካ፣ ቆላው ላይ ጂጋንቲካ ይበዛል፤ በመካከለኛው ከፍታ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ የተዳቀለ ትል ቢኖር እሱን ብቻ በማንበብ አይታወቅም። አይቲኤስ የሚባለውን የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ክፍል ጨምሩ። መድኃኒቱ ለሁለቱም ትሪክላቤንዳዞል ነው። መለየቱ የሚጠቅመው የትኛውን ቀንድ አውጣ፣ የትኛውን ረግረግ እንቆጣጠር ለማለት ነው።

እዚህ ላይ የዘረመል ምርመራም የሚታለልበት ነገር አለ። ትል ያለበት ጉበት በዱለት ወይም በጥሬው የበላ ሰው እንቁላሉ በሆዱ አልፎ በሰገራው ይወጣል። ሰውየው አልታመመም። ፒሲአሩ ግን "ፋሲዮላ አለ" ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ ዲኤንኤው አለ። ስለዚህ ሰው ላይ ፋሲዮላ ከተገኘ በቅርቡ ጉበት በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። ለጥቂት ቀናት ጉበት ሳይበላ ይቆይና እንደገና ይመርመር። በዓል ማግስት የሰውን ናሙና የሚሰበስብ ጥናት ይህን ካልጠየቀ ውጤቱን አላምነውም።

ቢልሃርዝያ ላይ ባጭሩ፦ በጣና ዳርቻ ሰውን የሚይዘው ማንሶኒ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከብት ላይ ደግሞ ቦቪስ የሚባል ሌላ የቢልሃርዝያ ዝርያ አለ። ሄማቶቢየም የሚባለው ሌላው የሰው ቢልሃርዝያና ቦቪስ ተዳቅለው ሰውን መያዛቸው በ2013 እ.ኤ.አ. በኮርሲካ ደሴት በአንድ ወንዝ ዳር ከታየ ወዲህ አንድ ጂን ብቻ ማንበብ በቂ አይደለም ተብሏል። ኮክስ1ንና አይቲኤስን አብራችሁ አንብቡ።

ቁንጭርና ካላዛር ሁለቱም በሊሽማንያ ጥገኛ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ አንድ ዓይነት ጥገኛ ያሳያሉ። በዘረመል ግን ቁንጭሩ ደጋ ላይ ሽኮኮ የሚያኖረው ኤትዮፒካ ነው፤ በመተማ በኩል ያለው ካላዛር ዶኖቫኒ ነው፤ እሱም በዋነኛነት በአሸዋ ዝንብ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያ የምርምርና ሕክምና ማዕከል ስላለው በዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ጠይቁ።

ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታም ይነሳል። በጣና ዙሪያ ከብት ላይ የሚገኘው ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ ሰውን አይዝም። የቆላ ዝንብ ባለበት አገር ግን ብሩሲ የሚባለው ቢገኝ ከብቱን ብቻ የሚይዘውና ሰውን የሚይዘው በመልክ አይለዩም። ኤስአርኤ የሚባል አንድ ጂን ይለያቸዋል፤ ያ ጂን ካለ ሮዴሲየንስ ነው፣ ሰውን ይይዛል። ይህን ያህል ግልጽ መልስ የሚሰጥ ምርመራ ጥቂት ነው።

ናሙናው

በፎርማሊን የተቀመጠ ሰገራ በየላቦራቶሪው መደርደሪያ ሞልቷል። ለማይክሮስኮፕ ጥሩ ነው፤ ዲኤንኤን ግን ይሰባብራል። በፎርማሊን የቆየ ናሙና ይዛችሁ ለፒሲአር አትምጡ። ናሙና የምትሰበስቡበት ቀን አንዱን ለማይክሮስኮፕ፣ አንዱን ለዘረመል ለዩ።

ከአማራጮቹ ኢታኖል ለእኛ ሁኔታ ይሻላል። 95 በመቶ ገደማ የሆነውን ተጠቀሙ፤ ከሰገራው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ በደንብ ይደባለቅ። አረቄ አይተካውም፤ ውሃው ብዙ ነው። ማቀዝቀዣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ናሙናው ይቀልጣል፣ እንደገና ይረጋል፣ ዲኤንኤው ይጎዳል። ጄኔሬተር የሌለው ቦታ በኢታኖል ይቆይ። ለክሪፕቶስፖሪዲየም 2.5 በመቶ ፖታሲየም ዳይክሮሜት በ4 ዲግሪ ይሠራል፤ ግን መርዛም ነው፣ ፒሲአሩንም ስለሚያግድ ዲኤንኤ ከማውጣታችሁ በፊት ደጋግማችሁ እጠቡት።

የውሻ ሰገራ ላይ ደግሞ ሕይወታችሁን ጠብቁ። ኢታኖል ዲኤንኤውን ይጠብቃል እንጂ የኢኪኖኮከስን እንቁላል በአስተማማኝ አይገድልም። ተራ ማቀዝቀዣም አይገድለውም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ለቀናት አቆይታችሁ ነው መክፈት ያለባችሁ። ያ ከሌላችሁ ከውሻው ይልቅ ከቄራው ከረጢት ናሙና ውሰዱ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው እናንተን በአፍ አይይዝም። እያንዳንዱን ከረጢት ለየብቻ አስቀምጡ፤ አንድ በግ ላይ ሁለት ዓይነት ሊኖር ይችላል። የደነደነውንና ኖራ የመሰለውን ተዉት፤ ዲኤንኤ አይሰጥም ማለት ይቻላል።

የት ይሠራ?

ጎንደር የሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉባት ከተማ ናት። የሰውን ናሙና የሚይዘውና የጥጃውን ናሙና የሚይዘው ክፍል ለየብቻ ቢሠሩ የምፈልገው ንጽጽር አይገኝም። ስለዚህ ጥናቱን ከሁለቱም በኩል አንድ አንድ አማካሪ ይዛችሁ ጀምሩ። ዲኤንኤ ማውጣትና ፒሲአር እዚሁ ይሠራ። ንባቡ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ። አዲስ አበባ ላይ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ባዩት በአክሊሉ ለማ ስም የተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም አለ። ለእንስሳት በኩል ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ወደ ውጭ መላክ የግድ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱንና የሥነ ምግባር ፈቃዱን ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት ጀምሩ። ደብዳቤው ከፒሲአሩ በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ውጤቱን ስታነቡ

"ኔጌቲቭ" የሚል ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ማገጃ ተፈትሿል? ሰገራ ውስጥ ፒሲአርን የሚያግዱ ነገሮች ሞልተዋል፤ የሐሞት ጨውና የዕፅዋት ዝልግልግ ነገር ከነሱ ውስጥ ናቸው። እበት ላይ ይብሳል። ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥኖ እንደገና መሥራት ብዙ ጊዜ ያድናል። የክሪፕቶስፖሪዲየም ቅርፊትም ጠንካራ ነው፤ በማርጋትና በማቅለጥ ወይም በጥቃቅን ዶቃ በመምታት ካልተሰበረ ዲኤንኤው አይወጣም።

"ፖዘቲቭ" ሲመጣ ደግሞ ናሙና ያልተጨመረበት ባዶው ቱቦ ባዶ ሆኖ መቅረቱን ጠይቁ። ባዶው ላይ መስመር ከታየ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይጣላል፤ የሚያሳዝን ቢሆንም ይጣላል።

ጂንባንክ ላይ ንባባችሁን ስታስፈልጉ ከላይ የመጣውን ስም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። በተሳሳተ ስም የተመዘገበ ብዙ አለ። በታወቁ ጥናቶች የተጠቀሱትን ማነጻጸሪያዎች ሰብስባችሁ የዘር ሐረግ ሥሉ፤ ናሙናችሁ ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ ያኔ ይታያል። ከዚያ የራሳችሁን ንባብ እዚያው አስመዝግቡ። ቦታውን "ኢትዮጵያ" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ደንቢያ፣ ወገራ፣ ጭልጋ ወይም አዘዞ ብላችሁ ጻፉ። የእንስሳውን ዓይነትና ዕድሜ፣ ጥጃ ከሆነ ጡት መጣል አለመጣሉን ጨምሩ። ሰው ከሆነ ስሙ ቀርቶ ዕድሜውና በግቢው ምን ዓይነት እንስሳ እንዳለ ይጻፍ።